ታረቁ፤ ግን መዝገቡን ባዶ አድርጋችሁ አትዝጉ

«ሽማግሌ ገብቶበታል፤ በቃ ክሱን አንሺው።»

ይህችን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በቤት ሽያጭ፣ በውርስ፣ በድንበር፣ በብድር ተካስሶ ችሎት የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ትደርሰዋለች። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከሚከበር ሰው አፍ ነው። ከንስሐ አባት፣ ከሰፈር ሽማግሌ፣ ከዕድር ዳኛ፣ ከታላቅ ወንድም። እምቢ ማለት ነውር ነው። «ስምምነቱ ይጻፍና ዳኛው ያጽድቀው» ማለት ደግሞ ከእምቢታ የባሰ ነውር ሆኖ ይታያል። «እኛን አላመንሽንም ማለት ነው?» ይባላል።

ዛሬ ልሟገትላት የፈለግኩት ይህችን «ነውር» ነው። እርቅን አልቃወምም። እንዲያውም በንብረት ሽያጭ ክርክር ከፍርድ ይልቅ እርቅ የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል ብዬ አምናለሁ። የምቃወመው እርቁ ገና ሳይፈጸም መዝገቡን የምንዘጋበትን መንገድ ነው። የተማርኩት ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም፤ የአክስቴን ፋይል በፌስታል ይዤ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት በ2,400,000 ብር ገዛች። 1,500,000 ብሩን ከፈለች፤ ቀሪውን 900,000 ስም ሲዛወር ልትከፍል ተስማሙ። ውሉ የመንደር ውል ነበር፤ ሦስት ምስክር፣ የሻጭና የገዢ ፊርማ፣ ሌላ የለም። ወደ ውልና ማስረጃ ሄደው አላጸደቁትም። «ሻጩ የምናውቀው ሰው ነው» ተባለ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ ስም ለማዛወር የሚያስፈልጉት ወረቀቶች አላልቅ አሉት። ዛሬ ግብር ይቀረዋል፣ ነገ ካርታው አልታደሰም፣ ከነገ ወዲያ እሱ ራሱ ክፍለ ሀገር ነው። በ2012 ክስ መሠረተች። ፍርድ ቤቱ ቤቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ እግድ ሰጠላት። በመላው የክርክር ዘመኗ በእጇ ከገባው ነገር ሁሉ ትልቁ ያ የእግድ ደብዳቤ ነበር።

ግን ክሷ ደካማ ጎን ነበረው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን መስፈርት አጥብቆ ይዞታል። ስለዚህ የአክስቴ የመንደር ውል ቤቱን ሊያሰጣት መቻሉ አጠራጣሪ ነበር። ቢሳካላት የከፈለችውን ገንዘብ ከሕጋዊ ወለድ ጋር ማስመለስ ነው። ጠበቃዋም ይህንን አልደበቃትም።

ሽማግሌዎቹ የገቡት በዚህ መሐል ነው። አራት ነበሩ። ሥራቸውንም አሳምረው ሠሩ። ሻጩን አስቀምጠው ወቀሱት፤ እሷንም «ቤቱን እርሺው» ብለው አሳመኗት። በመጨረሻ ሻጩ 1,900,000 ብር ሊመልስላት ተስማማ። 500,000 ብሩን እዚያው ቆጥሮ ሰጠ። ቀሪውን በሁለት ጊዜ፣ 700,000፣ 700,000 አድርጎ ሊከፍል ቃል ገባ። ከከፈለችው በላይ 400,000 ብር ማለት ነው። ፍርድ ቤት በቀላሉ የማይሰጣትን ሽማግሌ ሰጣት። ይህን የምለው ሽምግልናን «ኋላቀር» እያሉ ለሚያጣጥሉት ጭምር ነው።

ከዚያ ወረቀት ተጻፈ። በእጅ ጽሑፍ፣ ግማሽ ገጽ። «በመካከላችን የነበረው የቤት ሽያጭ ክርክር በሽማግሌ ታይቶ በስምምነት አልቋል፤ ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ ጥያቄ የለንም።» አራቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ። ስለ ሁለቱ 700,000ዎች ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል የለም። «እኛ እያለን ምን ይጻፋል!» ተባለ። ምርቃት ሆነ፣ ቡና ተጠጣ።

በማግስቱ አክስቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሄዳ ሁለት መስመር አስጻፈች። «ከተከሳሽ ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ስለተስማማን ክሴን ያነሳሁ መሆኔን በትሕትና አመለክታለሁ።» ዳኛው አነበቡ፤ «በፈቃድሽ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ «አዎ» አለች። መዝገቡ ተዘጋ። እግዱም ተነሣ።

የመጀመሪያው 700,000 ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጦ ስሙ መዛወሩን የሰማነው ከጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሕጉን ላስረዳ። ብዙዎቻችን «ክስ ማንሳት» አንድ ነገር ብቻ ይመስለናል። ግን ክርክራችሁን በስምምነት ጨርሳችሁ መዝገብ የምትዘጉባቸው ቢያንስ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ውጤታቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የመጀመሪያው ዝም ብሎ መቅረት ነው። «ቀጠሮ አትሂዱ፣ በራሱ ይዘጋል» የሚባለው። ሁለቱም ወገኖች ሳይቀርቡ ሲቀሩ መዝገቡ ይሰረዛል። ስለ እርቃችሁ ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ከሳሽ በያዘው እግድ ላይ ምንም ዋስትና አይኖረውም። ተከሳሽም ቢሆን ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ ያው ክስ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል።

ሁለተኛው አክስቴ ያደረገችው ነው፤ ክስ ማንሳት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 278 ከሳሽ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ክሱን ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። በቂ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤቱ «ወደፊት አዲስ ክስ የማቅረብ መብት ተጠብቆለት» ብሎ ሊፈቅድ ይችላል። ይህች ሐረግ ትእዛዙ ላይ ከሌለች ግን ቀጥሎ ያለው ቁጥር 279 ይመጣል። ያለዚህ ፈቃድ ክሱን ያነሣ ሰው በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ከማቅረብ ይታገዳል፤ ኪሳራም ሊወሰንበት ይችላል። በሁለት መስመር ማመልከቻ ስንት ነገር እንደሚሄድ እዩት።

ሦስተኛው ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ማጸደቅ ነው። ከቁጥር 274 እስከ 277 ያሉት ድንጋጌዎች የሚናገሩት ስለዚህ ነው። ተከራካሪዎች ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ በችሎትም ሆነ ከችሎት ውጭ መታረቅ ይችላሉ። እርቁ ከፍርድ ቤት ውጭ ከሆነ ቁጥር 277 ሁለት በር ይከፍታል። አንደኛው ለፍርድ ቤቱ አሳውቆ ክሱን ለማንሳት መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው በስምምነቱ ቃል መሠረት ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል ጋር የማይቃረን መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን ቃሉን ቢያጥፍ ሌላው አዲስ ክስ አይመሠርትም፤ በቀጥታ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል።

በሁለቱ በሮች መካከል ያለው የጽሑፍ ልዩነት አንድ መስመር ነው። «ክሴን አንስቻለሁ» እና «ስምምነታችን ጸድቆ ትእዛዝ ይሰጥልን»። አክስቴ ሁለተኛዋን መስመር ብታስጽፍ ኖሮ ሻጩ በቀነ ቀጠሮው ባልከፈለ ማግስት በዚያው ቤት ላይ አፈጻጸም መጠየቅ ትችል ነበር። እግዱም የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ ጸንቶ እንዲቆይ አብረው ተስማምተው መጠየቅ ይችሉ ነበር።

በ2014 እንደገና ከሰሰች። የሻጩ ጠበቃ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አነሣ። «ከሳሽ ይህንኑ ጉዳይ ከስሳ ክሷን አንስታለች፤ ጉዳዩም በእርቅ አልቋል፤ ‹ጥያቄ የለንም› ብላም ፈርማለች።» ሕጉን ካነበባችሁ ጠበቃው ከኪሱ ያወጣው ነገር አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ጉዳዩ ቀድሞ በእርቅ አልቋል የሚለውን መቃወሚያ በስም ጠቅሶ ያስቀምጠዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312ም የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ይናገራል። ሽምግልናን ለማክበር የተጻፈ ሕግ በእርቁ የተጎዳችው ሴት ላይ ጋሻ ሆኖ ተመዘዘ። የአክስቴ መልስ «እኔ የምጠይቀው የድሮውን ቤት አይደለም፤ በእርቁ ቃል የተገባልኝን ገንዘብ ነው» የሚል ነበር። ትክክለኛ መልስ ነው። ግን ያንን የእርቅ ቃል የያዘ ወረቀት የታለ?

ያዳኗት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከአራቱ ትልቁ። ከዘራቸውን ተደግፈው ምስክር ሆነው ቀረቡ። ስለ ሁለቱ 700,000ዎች ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ቀን ዳኛ ፊት አንሄድም ብለን ነበር። ይኸው በስተርጅና ለምስክርነት መጣሁ።»

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስምምነቱን ለዳኛ ማቅረብ ሽማግሌዎቹን ማዋረድ ነው ተብሎ ነበር። ሳይቀርብ ሲቀር ግን ሽማግሌው ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ከአክስቴ ልጅ ዕድሜ በማይበልጥ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ተጠየቁ። «እርስዎ ጥቅም የለዎትም?» ተባሉ። የትኛው ነው ውርደት?

ፍርዱ በ2016 ተሰጠ፤ 1,400,000 ብር ይክፈል ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቤቱ የለም፤ በሻጩ ስም የተገኘው አንድ አሮጌ መኪና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ፤ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የነበረውን የዶላር ዋጋ ግማሽ ያህል አጣ። በእርቁ ቀን ያ ገንዘብ ለሌላ ቤት መነሻ ይሆናት ነበር። ዛሬ በፍርድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። አክስቴ አሁንም የምትኖረው በኪራይ ነው።

ከወዲህ በኩል ያለውንም ሙግት አውቃለሁ። «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እርቅን ይገድላል» የሚሉ አሉ። እርቅ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ ማኅተምና የሕግ ቁጥር ሲገባበት ሰው ይሸሻል፣ ሻጩም ባልተስማማ ነበር ይላሉ። እውነትነት አለው። ግን አስቡት፤ በሦስት ወር ውስጥ እከፍላለሁ ብሎ ከልቡ የማለ ሰው፣ ያው ቃሉ ፍርድ ቤት ቢመዘገብ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ላለመክፈል ያሰበ ሰው ብቻ ነው። «ከጸደቀ አልፈርምም» የሚል ተከሳሽ ለሽማግሌዎቹ ትልቅ መረጃ እየሰጣቸው ነው። ያን መረጃ ክሱ ሳይነሣ ማግኘት ይሻላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ።

ደግሞ ይህ ጉዳይ የከሳሽ ብቻ አይደለም። ብዙ ሻጮች በእርቅ ገንዘብ መልሰው መዝገቡ በመቅረት ብቻ ስለተዘጋ ከዓመታት በኋላ ከከሳሽ ወራሾች መጥሪያ ሊደርሳቸው ይችላል። የይርጋው ዘመን በመርሕ ደረጃ አሥር ዓመት ነው። ሽማግሌ ይሞታል፣ ወረቀት ይጠፋል። የጸደቀ ስምምነት የሚከፍለውንም ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ በቤት ወይም በሌላ ንብረት ሽያጭ ተካስሳችሁ የምትታረቁ ካላችሁ፣ ክስ የማንሳት ማመልከቻ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች አስቡ።

1. ያልተጻፈ የለም ብላችሁ ቁጠሩ። ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ፣ ካልተከፈለ ምን ይሆናል። «ጥያቄ የለንም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከፊቷ «ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲፈጸም» የሚል ካልቀደማት አትፈርሙባት።

2. የሚፈርመው ማነው? ንብረቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ፈርሞ ሌላው ነገ ይቃወማል። ውጭ አገር ሆናችሁ በወኪል የምትከራከሩም ልብ በሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። «ጉዳዬን ሁሉ ይከታተልልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ዋሺንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጣችሁ «ወንድሜ ታርቆልኛል» ከማለታችሁ በፊት የውክልናውን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡ።

3. እርቁ «ቤቱ ለገዢ ይተላለፍ» የሚል ከሆነ የሽማግሌ ወረቀት ብቻውን አያሻግራችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3308 በእርቅ የሚፈጠር ግዴታም ሕጉ ለዚያ ዓይነት ግዴታ ያዘዘውን የአጻጻፍ ሥርዓት ማሟላት እንዳለበት ይናገራል። ማለትም መጀመሪያ ያጣላችሁ የውል ጉድለት በእርቁ ወረቀት ላይም ሊደገም ይችላል። ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ይግባ።

4. ማመልከቻው «ስምምነታችን በቁጥር 277 መሠረት ጸድቆ ትእዛዝ ይሰጥልን» ይበል። የግድ ክስ ማንሳት ብቻ ከሆነ ምርጫው፣ ወይ የመጨረሻዋ ብር እጅ ከገባች በኋላ ይሁን፣ ወይ «አዲስ ክስ የማቅረብ መብት ተጠብቆ» የሚለው በትእዛዙ ላይ ይስፈር። እግድ ካለ መቼ እንደሚነሣ በስምምነቱ ይወሰን።

5. የትእዛዙን ግልባጭ ማኅተም አስመትታችሁ ውሰዱ። ለሽማግሌዎቹም አንድ አንድ ቅጂ ስጧቸው። የሠሩት ሥራ ነው፤ ይገባቸዋል።

ለዳኞችና ለፍርድ ቤት አስተዳደርም አንድ ቃል አለኝ። መንግሥት እርቅን ለማበረታታት ብዙ ርቀት ሄዷል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሕጋዊ ቦታ አግኝቷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ደንግጓል። ጥሩ ነው። ግን አብዛኛው ሕዝብ የሚታረቀው በእነዚህ በሮች ገብቶ አይደለም፤ በሳሎን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ደጅ፣ በዕድር ድንኳን ነው። ከዚያ ሁለት መስመር አስጽፎ ይመጣል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ አዋጅ አይደለም። «በፈቃድሽ ነው?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጨመርለት ይበቃዋል። «የተስማማችሁበት ነገር ተፈጽሟል ወይስ ገና ነው?» «ገና ነው» ካለ፣ «እንግዲያው ስምምነቱን አምጡና እንየው» ማለት። ለችሎቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለአክስቴ የአራት ዓመት ልዩነት ይሆን ነበር።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቷ ከወንድሟ ጋር በውርስ ቤት ሽያጭ ተካስሳ ሽማግሌ ገባባቸው። አክስቴ ሄደች። ሳትጠራ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጉልበት ስማ ከተቀመጠች በኋላ «አባቶቼ፣ ሥራችሁ እንዳይፈርስባችሁ ዳኛው ይፈርምበት» አለቻቸው። አንዱ ቅር አላቸው። ሌላው ግን ትንሽ አሰብ አድርገው «እውነቷን ነው» አሉ።

ስምምነቱ ጸደቀ። ወንድሟም በቀኑ ከፈለ። ምናልባት ሳይጸድቅም ይከፍል ነበር፤ ማን ያውቃል። ግን ዛሬ እህትና ወንድም በበዓል አብረው ይበላሉ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቃል ለመፈተን አልተገደዱምና።

ሽምግልናችንን የምናከብር ከሆነ በምርቃት ብቻ አንሸኘው። የሚጸናበት ቦታ ድረስ እናድርሰው።

ቸር እንሰንብት። የእናንተንም ገጠመኝ ጻፉልን፤ ስም አትጥቀሱ እንጂ።